ስለ ትራክተር ሲሊንደር ላይነርና ስለ ጎማ ቀለበቶቹ የቀረበ አሳብ

የመለዋወጫ ዕቃ ከመደርደሪያ ወርዶ ሒሳቡ ከተከፈለ በኋላ የነጋዴው ኀላፊነት አብቅቷል የሚሉ አሉ። ይህ አባባል ለምስማርና ለጨርቅ ይስማማ እንደ ሆነ እንጂ ለትራክተር ሞተር ዕቃ ከቶ አይስማማም። በሁመራና በመተማ የሰሊጥ እርሻ ክረምቱ በገባ ጊዜ የቆመ ትራክተር የሚያጎድለው የገበሬውን ምርት ብቻ ሳይሆን የላኪውንም ጭነት ነው።

ለምሳሌ በአገራችን የታወቀውን፣ በሚንስክ ከተማ የተሠራውን ቤላሩስ ኤምቴዜ 80 ትራክተር እንውሰድ። ዲ 240 የተባለው ሞተሩ 4 ሲሊንደሮች ሲኖሩት የእያንዳንዱ የውስጥ ስፋት 110 ሚሊሜትር ነው። ላይነሮቹ በውጭ በኩል ውሃ የሚነካቸው፣ ባረጁም ጊዜ ወጥተው የሚለወጡ ናቸው። ፋብሪካው ላይነሩንና ፒስተኑን በልካቸው በሦስት ምድብ ከፍሎ በሩሲያ ፊደል «ቤ»፣ «ኤስ» ወይም «ኤም» የሚል ምልክት ያደርግባቸዋል፤ ይኸውም ትልቅ፣ መካከለኛና ትንሽ ማለት ነው። ምድቦቹ የሚበላለጡት በ0.02 ሚሊሜትር ብቻ ቢሆንም ልኩን የሳተ ፒስተን ወይ ይጠብቃል ወይም ይላላል። ስለዚህ «ለቤላሩስ 4 ላይነር» ተብሎ የሚጻፍ የግዢ ትእዛዝ ጎደሎ ትእዛዝ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚናቀው ግን የጎማው ቀለበት ነው። በላይነሩ ግርጌ ተቀምጦ ውሃው ወደ ዘይቱ እንዳይወርድ የሚከለክለው እርሱ ነው። ቀለበቱ ከተጣመመ፣ ከተቆረጠ ወይም ደርቆ ከነበረ ውሃው ከዘይቱ ጋር ይደባለቃል፤ ዘይቱም ኩሽኔታዎቹን ማለስለስ ይሳነዋል። እንግዲህ በጥቂት ብር ቀለበት ምክንያት ሞተሩ በሙሉ ይጠፋል።

ጥንቁቅ መካኒክ አስቀድሞ የላይነሩን መቀመጫና የቀለበቱን ቦይ ከዝገት ያጸዳል። ከዚያም ላይነሩን ያለ ቀለበት አግብቶ ከንፈሩ ከብሎኩ ፊት በላይ ምን ያህል እንደሚወጣ ይለካል፤ ዝቅ ያለ እንደ ሆነ ጓርኒሲዮኑ አጥብቆ አይዘውም። ቀለበቱንም ሳያጣምም አስቀምጦ ፋብሪካው በፈቀደው ማለስለሻ ያረጥበዋል። በመጨረሻም ዘይት ከመሙላቱ በፊት ውሃ ሞልቶ ከታች የሚንጠባጠብ እንዳለ ይመለከታል። ይህን ሁሉ በችኮላ ለሚዘል ሰው «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው ተረት ይደርስበታል።

በእኛ አስተያየት አስመጪው ላይነርን፣ ፒስተንን፣ ፋሻንና የጎማ ቀለበትን በአንድነት፣ የሞተሩን ዓይነትና ምድቡን ጠቅሶ ሊያዝ ይገባዋል። ባለሱቁም ቀለበቶቹን ከፀሐይና ከሙቀት አርቆ ያስቀምጥ፤ ደርቀው የተሰነጣጠቁትንም አይሽጥ። ከዕቃው ጋር ስለ አገባቡ በአማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ መመሪያ ቢሰጥ ደግሞ ወጪው ኢምንት፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ገዢው ርካሽ ዕቃ ብቻ ይፈልጋል የሚል ክርክር ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን በአንድ ክረምት ሞተሩን ሁለት ጊዜ ያስፈታ ገበሬ ርካሽና ውድ ምን እንደ ሆነ ከማንም ይልቅ ያውቃል፤ በሚቀጥለውም ዓመት ወደየትኛው ሱቅ እንደማይመለስ አይዘነጋም።