ሳይቀላ የተሸጠ ቡና

«ሁለት ሰዎች ወደውና ፈቅደው ከተዋዋሉ፣ መንግሥት መሐላቸው የሚገባው ምን ቤት ነኝ ብሎ ነው?» ሊበርታሪያኖች እንዲህ ይላሉ። አዲስ አበባ ካፌ ውስጥ ሲባል ያሳምናል። ኢሉባቦር ውስጥ፣ መቱ ዙሪያ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ነገሩ ይለወጣል።

ሐምሌ ላይ የኢሉባቦር ገበሬ ጎተራ ይሳሳል። ቡናው ገና አረንጓዴ ነው፤ የሚለቀመው ከጥቅምት ወዲያ ነው። ልጅ ይታመማል፣ የትምህርት ቤት መመዝገቢያ ይደርሳል። ነጋዴው ብር ይዞ ደጅ ድረስ ይመጣና ያልደረሰውን ፍሬ በራሱ ዋጋ ይገዛል። ማንም ዱላ አላነሳም። ገበሬው ተስማምቷል፣ ያውም አመስግኖ። ጥቅምት ሲገባ ግን ከገዛ ዛፉ ለሌላ ሰው ይለቅማል። ይህ ነው እንግዲህ ፈቃድ የሚሉት።

የሊበርታሪያኖቹ ፈላስፋ ሮበርት ኖዚክ በ1974 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ፣ ከሥራ ገቢ የሚሰበሰብ ግብር ከግዳጅ ሥራ አይለይም ብሎ ነበር። የግዳጅ ሥራንስ የጎሬ ገባር በደንብ ያውቀው ነበር፤ የነፍጠኛውን ማሳ አርሷል፣ አጥሩን አጥሯል፣ እህሉን አስፈጭቷል። ኖዚክ ንብረት ከመነሻው በአግባቡ ከተያዘና በፈቃድ ከተላለፈ ማንም አይንካው ይላል። የምኒልክ ጦር ከገባ በኋላ ባላገሩ በአያቶቹ መሬት ላይ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ የሆነበት አገር ግን መነሻው ምን እንደሆነ ይታወቃል። እርግጥ ኖዚክ ያለፈ በደል መካስ እንዳለበት አምኗል፤ እንዴት የሚለውን በደፈናው አልፎታል። የኢሉባቦር ታሪክ በሙሉ ያለው እሱ ባለፈው ቦታ ነው። ጭሰኝነትን ያስቀረውም የገበያ ውል ሳይሆን የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ነው።

የነፃ ገበያ ጠበቃ በሆነው ኢኮኖሚስት በሃይክ ላይ እንዲህ አልጨክንም። ዋጋ አንድ ቢሮ ሊሰበስበው የማይችለውን ዕውቀት ያደርሳል ያለው እውነት ነው፤ ደርግ ዋጋ ተምኖ በኮታ እህል ሲሰበስብ ያየ ሰው አይከራከረውም። ግን ዋጋ የሚጠቅመው መጠበቅ ለሚችል ነው። ዛሬ ገበሬው የቡናን ዋጋ በስልኩ ይሰማል። ቡናው ሐምሌ ላይ ስለሄደ፣ የሰማው የነጋዴውን ትርፍ ነው።

ስለዚህ የኢሉባቦር ኅብረት ሥራ ማኅበራት በሐምሌ ለአባሎቻቸው የሚያበድሩት ገንዘብ ይመደብላቸው፤ ከግብር ከፋዩ ኪስም ቢሆን።