ሁሉ ሰው ባንዳ

በመጋቢት 1994 ዓ.ም. በየኪ ወረዳ፣ ቴፒ ላይ ከመቶ በላይ ሰው ተገደለ፤ በብዛት ያለቁት የሸኮና የመዠንገር ብሔረሰብ ሰዎች ነበሩ። የጠቡ ሥር ወረዳውን ማን ያስተዳድር የሚለው ጥያቄ ነው። የባዕድ ባንዲራ ያነሳ አልነበረም፤ መልሱ ግን ጥይት ሆነ። ሃያ ዓመት ሳይሞላ፣ መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ቴፒ ያለችበት ሸካ፣ ቤንች ሸኮ፣ ከፋ፣ ዳውሮ፣ ምዕራብ ኦሞና ኮንታ ከደቡብ ክልል ወጥተው የራሳቸውን ክልል ለመመሥረት ድምፅ ሰጡ። አስተዳደራችን ይለወጥ ማለት ያን ጊዜ ደም አፋሰሰ፤ አሁን የምርጫ ቦርድ ሥራ ሆነ።

የአስተዳደር ለውጥ መጠየቅ ክህደት አይደለም። ሕዝብን በመንግሥት ላይ ማሳመፅ እንኳ አንድ ነገር ነው፤ አገርን ለጠላት መሸጥ ሌላ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም ለይቷቸዋል፦ በሕገ መንግሥቱ ላይ የሚፈጸመው በአንቀጽ 238፣ ከባዱ የአገር ክህደት በ248። ማሳመፅ ቀላል ጥፋት ነው ያለ የለም። ነገር ግን በወንበሩ ላይ የተነሳ ሁሉ አገሩን ከድቷል የሚባለው ወንበሩና አገሩ አንድ ናቸው ተብሎ ሲታሰብ ብቻ ነው። ይህ ልማድ የባለሥልጣን ብቻ አይደለም፤ ተቃዋሚውም ያልወደደውን ሁሉ ባንዳ ይላል።

የተቃዋሚው ፓርቲ የቅንጅት መሪዎች ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ሲከሰሱ ክህደትም የዘር ማጥፋት ሙከራም ተደርቦባቸው ነበር። በሚያዝያ 1999 ፍርድ ቤቱ ራሱ ሁለቱን ጣላቸው። በቀሩት ክሶች ሐምሌ ላይ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ በቀናት ውስጥ ደግሞ በይቅርታ ወጡ። አገር የሸጠ ሰው እንዲህ በሳምንት ይፈታል?

በጎጃም የሆነው ከዚህም ይብሳል። ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ለጣሊያን አድረው፣ ደብረ ማርቆስን ይዘውለት ቆዩ፤ በ1933 ንጉሡ ከስደት ሲመለሱ እጃቸውን ሰጡ፤ በቁም እስር ኖረው በራሳቸው ሞት ሞቱ። ጣሊያንን አምስት ዓመት የተዋጉት ደጃዝማች በላይ ዘለቀ ግን በንጉሡ ላይ ሸፈቱ ተባለ። ሞት ተፈረደባቸው፣ ወደ ዕድሜ ልክ ተለወጠ፣ ከእስር አመለጡና ተያዙ። በ1937 ሲሰቀሉ አብረዋቸው ከተሰቀሉት አንዱ የራስ ኃይሉ ልጅ፣ ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበሩ።