የአያቶቻችንን ስም በጽሑፍ እናኑር

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ከጋዜጣዎ የዘወትር አንባቢዎች አንዱ እንደ መሆኔ መጠን፤ በራሴ ላይ ደርሶ ያሳፈረኝን አንድ ነገር ለወንድሞቼና ለእኅቶቼ ማካፈል ስለ ፈለግሁ፤ ይህችን ጽሑፍ በአንባቢያን ዓምድ ላይ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ በመዝገብ ቤት ብዙ ዓመት ያገለገልሁ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። የሌላ ሰው ፋይል ስፈልግ ወዲያው አገኛለሁ፤ የተቀጠረበትን ቀን፤ የደመወዙን እድገት፤ የተዛወረበትን ክፍል ከነደብዳቤው ቁጥር አሳያለሁ። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ልጄን ለመዳር ሽማግሌዎች በተቀመጡ ጊዜ፤ የወዲያኛው ወገን ሽማግሌ «እስቲ ዝምድና እንዳይኖር ሰባት ቤት እንቁጠር» ቢሉኝ፤ አባቴን፤ አያቴንና ቅድመ አያቴን ቆጥሬ አራተኛው ላይ ቆምሁ። እሳቸው ግን ያለ አንዳች ወረቀት በአባታቸውም በእናታቸውም በኩል ሰባት ሰባት አወረዱ። ጋብቻው የሁለታችን አገር ሩቅ ለሩቅ ስለ ሆነ በደኅና አለፈ። የሰው መዝገብ ጠባቂ ሆኜ የራሴ መዝገብ ባዶ መሆኑን ግን ያን ቀን አወቅሁ።

ይህ ኀፍረት ሳይደርስብኝ ሊቀር ይችል ነበር። በሰሜን ሸዋ ይኖሩ የነበሩ አንዲት አክስቴ የትውልዳችንን ሐረግ እንደ ዳዊት በቃላቸው ይደግሙት ነበር። ለለቅሶ በሄድሁ ቁጥር «ልጄ፤ ጻፈው፤ እኔ ሟች ነኝ» ይሉኝ ነበር። እኔም «ለፋሲካ ስመጣ እጽፈዋለሁ» እያልሁ ስንት ፋሲካ አሳለፍሁ። ለመጨረሻ ጊዜ የሄድሁት ለራሳቸው ተዝካር ነው።

የቀድሞ ሰዎች ትውልዳቸውን አጥብቀው ይቆጥሩ የነበረው ያለ ምክንያት አይደለም። አንደኛው ምክንያት ጋብቻ ነው። ሁለተኛው ርስት ነው፤ ርስት የሚካፈል ሰው ከመጀመሪያው ባለርስት ጀምሮ እስከ ራሱ ድረስ ያለውን ትውልድ ቆጥሮ በሽማግሌ ፊት ማስረዳት ነበረበት። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ ወዲህ ይህ ሙግት ቀረ። የሙግቱ መቅረት መልካም ነው፤ ነገር ግን ቆጠራውም አብሮት ቀረ። እኛ ከተማ የገባነውማ የምንሞላው ፎርም ሁሉ የራስ፤ የአባትና የአያት ስም ብቻ ስለሚጠይቀን፤ ከአያት በላይ ሰው ያልነበረን መስሎን ተቀምጠናል።

እንግዲህ ከሠርጉ በኋላ አንድ ደብተር ይዤ፤ በ1936 ዓ.ም. ወደ ተመሠረተውና ሁላችንም ወመዘክር እያልን ወደምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሄድሁ። የመጀመሪያ ስሕተቴ የአያቴን ስም ይዤ አሮጌ ጋዜጣ ማገላበጤ ነው። ከብዙ ቀን ድካም በኋላ በአንድ የፍርድ ቤት ማስታወቂያ ላይ የአያቴን ስም ከነአባቱ አገኘሁና ደስታዬ ወሰን አጣ። ወረድ ብዬ ሳነብ ግን የሰውዬው አገር ሌላ፤ ጊዜውም አያቴ ካረፉ በኋላ ሆነ። ለካስ እንደ ሌላው ዓለም ከልጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ የቤተ ሰብ ስም ስለሌለን፤ ገብረ ማርያም ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ሰው በየአገሩ ሞልቷል። ሦስተኛው ስም፤ የተወለደበት አገርና የተጠመቀበት ደብር ካልተጨመረበት በቀር የራስን አያት ከሰው አያት መለየት አይቻልም።

እዚያ የምትሠራ አንዲት ወጣት ድካሜን አይታ «ጋሼ፤ ስሙን ከመፈለግዎ በፊት ዘመኑን ይፈልጉ፤ ስለ አያትዎ ሲነገር የሰሙትን ሁሉ በመጀመሪያ ይጻፉ» አለችኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፤ ምክሯ ትልቅ ጥቅም ሰጠኝ። አባቴ «አያትህ የኅዳር በሽታ በገባ ጊዜ ጡት አልጣሉም ነበር» ይሉ ነበር፤ የኅዳር በሽታ የገባው በ1911 ዓ.ም. ስለ ሆነ የልደታቸው ዘመን ታወቀ። ቅድመ አያቴ «ከአድዋ ሲመለሱ ጎጆ ወጡ» ይባል ነበር፤ አድዋ 1888 ዓ.ም. ነው። የእሳቸው እናት «በክፉ ቀን አረፉ» ይባል ነበር፤ ክፉ ቀን የሚባለው ከ1880 ዓ.ም. ጀምሮ ከብቱም ሰውም ያለቀበት የረኀብ ዘመን ነው። እንዲሁ ተረት የሚመስለኝ የነበረው ሁሉ ቀን ያለው ማስረጃ ሆኖ ተገኘ። «ማደሪያ ነበራቸው» የሚለው የአክስቴ ቃልም የገባኝ፤ በ1942 ዓ.ም. የታተመውን የብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀልን «ዝክረ ነገር» እዚያው ተቀምጬ ካነበብሁ በኋላ ነው።

ከዚህ ሥራ የተማርሁትን ሌላውም ቢያውቀው ይጠቅመዋል። የአያትን የዓለም ስም ብቻ ሳይሆን የክርስትና ስማቸውንም መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በአንዱ ጽሑፍ ላይ በአንዱ ስም፤ በሌላው ላይ በሌላው ተጠርተው ይገኛሉና። ኃይሌ የሚለው ስም በአንዱ ዘንድ በኀ፤ በሌላው በሐ፤ በሦስተኛው በሀ ስለሚጻፍ በሁሉም መፈለግ ይገባል። እናቶችንም አንርሳ፤ በአገራችን ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ስለማትለውጥ በእናት በኩል መቁጠር የሚያስቸግር አይደለም፤ የሚያስቸግረው አለመጠየቃችን ነው።

ምናልባት «ዘር መቁጠር ትዕቢትንና መለያየትን ያመጣል» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እኔም ስጀምር አንድ ደጃዝማች አገኝ ይሆን ብዬ መመኘቴን አልሸሽግም፤ ያገኘሁት ግን አራሽ፤ ወታደርና አንድ ድሀ ደብተራ ነው። ደግሞም እንቁጠር ካልን በትክክል እንቁጠር። ሰው ሁለት ወላጆች፤ አራት አያቶች፤ ስምንት ቅድመ አያቶች አሉት፤ እንዲህ እያለ ሰባተኛው ቤት ላይ ሲደርስ 128 ይሆናል። ከ128 ሰዎች መካከል አንዱን መርጦ «እኔ የእገሌ ዘር ነኝ» እያለ የሚኮራ ሰው 127ቱን ክዷቸዋል። እንግዲህ መለያየትን የሚያመጣው ቆጠራው ሳይሆን የቆጠራው ጉድለት ነው እላለሁ።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፤ ወመዘክርም ሆነ በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው አብርሆት፤ በየክፍለ ከተማው ያሉትም ቤተ መጻሕፍት፤ የትውልዱን ታሪክ ለሚፈልግ ሰው አንድ ጠረጴዛና አንድ ገጽ መጠይቅ ቢያዘጋጁ፤ የተሞላውንም ቅጂ ተቀብለው ቢያስቀምጡ፤ ወጪው ትንሽ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ልደትና ሞት በወሳኝ ኩነት ይመዘገባል፤ ከዚያ በፊት ለነበሩት ግን መዝገባቸው የሽማግሌ አፍ ነው። ሁለተኛ፤ እያንዳንዳችን በዓመት ፈቃድ አገር ቤት ስንሄድ ለዘመድ ከምንወስደው ቡናና ስኳር ጋር አንድ ደብተር እንያዝ። ቤተ መጻሕፍቱ ነገም በቦታው አለ፤ ሽማግሌው ግን ነገ ላይኖሩ ይችላሉ። ስለዚህ ጥያቄው ከሽማግሌው ተጀምሮ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሂድ እንጂ እንደ እኔ የኋላው ወደ ፊት አይሁን።

እኔ በኋላ አንድ በዕድሜ የገፉ የአባቴን የአጎት ልጅ አፈላልጌ ሁለት ስም አስጨምሬያለሁ። አሁን በደብተሬ ላይ አምስት ስሞች ተጽፈዋል። ለልጄም በንጹሕ ገልብጬ ሰጥቻታለሁ። ስድስተኛውና ሰባተኛው መስመር ባዶ ነው፤ እነዚያን ሁለት ስሞች አክስቴ ይዘዋቸው ሄደዋል፤ በየትኛውም መደርደሪያ ላይ አላገኘኋቸውም። በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እኔ ግን እውነት መሆኑን ያወቅሁት ከረፈደ በኋላ ነው። ሌላው ሳይረፍድበት እንዲነሣ በማሰብ ይህን ጻፍሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር፤

አንድ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ