የሚያስተምር መናፈሻ ሲታደስ



ከቡሌና ከዲላ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ አዲስ አበባ የሚወጡ ወላጆች ጉዳያቸውን ከፈጸሙ በኋላ «ለልጆቹ ምን እናሳያቸው?» ብለው መመካከራቸው የታወቀ ነው። አያቶች አስቀድመው የሚያስታውሱት የስድስት ኪሎውን የአንበሳ ግቢ ነው። ወጣቶቹ ወላጆች ደግሞ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተከፈተውን የአንድነት ፓርክን ያነሣሉ። ሁለቱም የተሠሩት ሰው እየተናፈሰ እንዲማር ነው።

እንዲህ ያሉ ቦታዎች ግን እንደ ማናቸውም ቤት ያረጃሉ፤ ሲያረጁም መታደስ ያስፈልጋቸዋል። በሚታደሱበትም ጊዜ በሚወዷቸው ሰዎች መካከል ክርክር ይነሣል። አንደኛው ወገን «ያደግንበትን አትንኩብን» ይላል፤ ሁለተኛው ወገን «ካልታደሰ ጎብኚ አጥቶ ይዘጋል» ይላል። ይህ ክርክር በጌዴኦ ምድር ለምንኖር ቤተ ሰቦች የሩቅ ወሬ ሊመስለን አይገባም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እንገልጻለን። አስቀድመን ግን ክርክሩ ለብዙ ዘመን የቆየበትን አንድ ቦታ እንመልከት። ዘመኑን ሁሉ የምንጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

በአሜሪካ አገር በፍሎሪዳ ኤፕኮት የሚባል ታላቅ መናፈሻ አለ። የቦታውን አሳብ ያፈለቁት የሥዕል ፊልም በመሥራት በዓለም የታወቁት ሚስተር ዋልት ዲዝኒ ናቸው። እርሳቸው ያሰቡት ግን መናፈሻ አልነበረም፤ ሰዎች የሚኖሩባትና ዐዲስ የጥበብ ሥራ ሁሉ የሚፈተንባት ከተማ ነበረች። በታኅሣሥ 1959 ዓ.ም. ባረፉ ጊዜ አሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። ኩባንያቸውም ከተማይቱን ትቶ በስሟ ቋሚ የትምህርት ኤግዚቢሽን አቋቋመ፤ እርሱም መስከረም 21 ቀን 1975 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፈተ። እንግዲህ ቦታው ገና ሳይከፈት አንድ ጊዜ ተለውጦ ነበር ማለት ነው።

መናፈሻው ሁለት ክፍል ነበረው። በአንደኛው ክፍል የመገናኛ፥ የመጓጓዣ፥ የኃይል ምንጭና የእርሻ ነገር በየአዳራሹ ይታይ ነበር። በሁለተኛው ክፍል በሐይቅ ዙሪያ የልዩ ልዩ አገሮች ቤቶች በየባህላቸው ተሠርተው ቆመዋል፤ ቍጥራቸውም ዐሥራ አንድ ነው። ከእነዚህ መካከል ከአፍሪካ የሆነችው ሞሮኮ ብቻ ስትሆን፥ ጌጧን ይሠሩ ዘንድ ንጉሥ ዳግማዊ ሐሰን የአገራቸውን የእጅ ባለ ሙያዎች ልከዋል። በእርሻው አዳራሽ ሥራቸው በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ውኃ እየተረጨላቸው የሚያድጉ አትክልቶች ይታያሉ፤ ከሚበቅለውም ለመናፈሻው ምግብ ቤቶች ይቀርባል። በመግቢያው በኩል ቁመቱ 55 ሜትር ያህል የሆነ ኳስ መሰል ሕንፃ አለ። ጎብኚው በዝግታ በሚሄድ መቀመጫ ላይ ሆኖ ሰው ከዋሻ ሥዕል ተነሥቶ እስከ ዘመናዊ የመገናኛ መሣሪያ እንዴት እንደ ደረሰ በውስጡ ያያል። ከሚታዩት ምስሎች መካከል መጻሕፍትን በእጃቸው የሚገለብጡ መነኮሳት አሉ፤ አንደኛውም ሥራው አድክሞት በተቀመጠበት እንቅልፍ ወስዶታል። ብራና ፍቀው፥ ብርዕ ቀርጸው፥ ቀለም በጥብጠው መጻሕፍትን ያቆዩልን አባቶች ልጆች የሆንን እኛ ይህን ብናይ የድካሙን ዋጋ በቶሎ እንረዳለን።

እንግዲህ ለውጡ እንዴት መጣ? የየአዳራሹን ወጪ አብዛኛውን የሚረዱት ታላላቅ ኩባንያዎች ነበሩ። የኃይል ምንጩን አዳራሽ የነዳጅ ኩባንያ፥ የመጓጓዣውን የመኪና ኩባንያ፥ የምናባዊ ፈጠራውን ደግሞ የፎቶግራፍ ዕቃ ኩባንያ ይረዳው ነበር። ረጂው ስጦታውን ባቆመ ጊዜ አዳራሹ የሚታደስበት ገንዘብ ያጣል፤ ትምህርቱም ከዘመኑ ወደ ኋላ ይቀራል። ይህ የገንዘብ ነገር ከውጭ የማይታይ ቢሆንም ለብዙው ለውጥ ምክንያት ሆኗል።

በ1976 ዓ.ም. የተከፈተ «ሆራይዘንስ» የተባለ አዳራሽ ነበር። የወደ ፊቱ ዘመን ቤተ ሰብ በምድረ በዳ፥ በባሕር ውስጥና በጠፈር እንዴት እንደሚኖር፥ ተራርቆም ሳለ በመሣሪያ ፊት ለፊት እየተያየ እንዴት እንደሚነጋገር ያሳይ ነበር። ይህ አዳራሽ በ1991 ዓ.ም. ተዘጋ፤ ኋላም ፈርሶ በቦታው የጠፈር በረራን የሚያስመስል መጫወቻ ተተከለ። የሚወዱት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ድረስ ያነሡታል።

በምናባዊ ፈጠራው አዳራሽ ደግሞ ልጆች እጅግ የሚወዱት ፊግመንት የተባለ ሐምራዊ የዘንዶ ግልገል ነበረ። በ1992 ዓ.ም. አዳራሹ ታድሶ ሲከፈት ፊግመንት ከሞላ ጎደል ተወግዶ ተገኘ። ጎብኚዎችም አጥብቀው ቅር በመሰኘታቸው በ1994 ዓ.ም. አዳራሹ እንደ ገና ተሠርቶ ግልገሉ ተመለሰ። የሕዝብ ፍቅር አንድን ኩባንያ ሥራውን እንዲያርም እንዳስገደደው ከዚህ እንረዳለን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ሌላ ነው። በ1975 ዓ.ም. ከመናፈሻው ጋር አብሮ የተከፈተው የኃይል ምንጭ አዳራሽ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ተዘጋ፤ በምትኩም በግንቦት 2014 ዓ.ም. ከታወቀ የፊልም ታሪክ የተወሰደ ፈጣን መንሸራተቻ ተከፈተ። በ2011 ዓ.ም. የመናፈሻው ሁለንተና እንደሚታደስ በይፋ ተነገረ። በወረርሽኙ ምክንያት አንዳንዱ ሥራ ተቋረጠ፤ የኳሱ ሕንፃ እድሳትም ለሌላ ጊዜ ተላለፈ። በመስከረም 2014 ዓ.ም. «የወደ ፊቱ ዓለም» የሚለው የአንደኛው ክፍል ስም ቀርቶ በሦስት ሰፈሮች ስም ተተካ።

ክርክሩም በዚህ ላይ ነው። ነባሩን የሚወዱ ወገኖች፥ «ቦታው የተሠራው ሰው እንዲያውቅበት ነበር፤ አሁን ግን የፊልም ባለ ታሪኮች የትምህርቱን ስፍራ ያዙት፤ ልጅ ደስ ብሎት ይገባል፥ ደስ ብሎት ይወጣል፥ የያዘው ዕውቀት ግን የለም» ይላሉ። የጨው ተራራ ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፥ ሞኝ ይልሳል የሚለው የአባቶቻችን ተረት አሳባቸውን በሚገባ ይገልጸዋል። ለውጡን የሚደግፉት ደግሞ፥ «ስለ ነገ የሚያስተምር ቤት ነገ በደረሰ ጊዜ የትናንት ቤት ይሆናል፤ ልጅ ከማይገባበት አዳራሽም ምንም ትምህርት አይገኝም» ብለው ይመልሳሉ።

ለሁለቱም ወገን እውነት አለው። በቡሌ የምትኖር እናት ዛሬ በሩቅ አገር ካለች ልጇ ጋር በእጅ ስልክ ፊት ለፊት እየተያየች ትነጋገራለች፤ በ1976 ዓ.ም. እንደ ተአምር ይታይ የነበረው ነገር ለእርስዋ የዘወትር ነገር ሆኗል። ያንን ዛሬም እንደ ዐዲስ ነገር ማሳየት ለማንም አይጠቅምም። ደግሞም ቦታውን የሚወድ ሰው አንዳንድ ጊዜ የሚናፍቀው ቦታውን ሳይሆን የገዛ ልጅነቱን ነው። ነገር ግን ፍቅር ሁሉ ናፍቆት ብቻ አይደለም። አንድን ቦታ ለብዙ ዓመት እየተመላለሰ ያየ ሰው ከቦታው ምን እንደ ተማረ ያውቃል፤ ይህንም ዕውቀት የሥራ መሪዎች በሒሳብ መዝገባቸው ውስጥ አያገኙትም።

ስለዚህ መለየት የሚገባን ትምህርቱንና ትምህርቱ የተቀመጠበትን ዕቃ ነው። በአገራችን ያለው ምሳሌ ነገሩን ይበልጥ ይገልጸዋል። የስድስት ኪሎው የአንበሳ ግቢ በ1940 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመነ መንግሥት ተሠራ። በ2005 ዓ.ም. የታተመ የዘር ምርመራ በዚያ ይኖሩ የነበሩት ጥቁር ጋማ ያላቸው ዐሥራ አምስት አንበሶች ከሌሎች አንበሶች የተለየ ዘር እንዳላቸው አስረድቷል። እንግዲህ በዚያ ግቢ ትምህርቱ አንበሳው ነው እንጂ የብረቱ ፍርግርግ አይደለም። ፍርግርጉ ቢነሣና ለአራዊቱ ሰፊ ስፍራ ቢሰጣቸው፥ በአሮጌው ግቢ ያደገ ሰው ትዝታው ቢነካበትም ትምህርቱ ይሰፋል እንጂ አይጎድልም። አንበሳው ጠፍቶ የአንበሳ ሐውልት ብቻ ቢቀር ግን፥ ግቢው የቱን ያህል ቢያምር ትምህርቱ ሞቷል።

የአንድነት ፓርክም ሌላ ነገር ያስተምረናል። በተከፈተ ጊዜ የአገሪቱ ክልሎች ዘጠኝ ነበሩ፤ ለእነርሱም በየስማቸው የባህል ማሳያ ተዘጋጅቶላቸው ነበር። ከዚያ በኋላ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ፥ በ2014 ዓ.ም. ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ራሳቸውን ችለው ክልል ሆኑ። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የቀድሞው የደቡብ ክልል ቀርቶ የደቡብ ኢትዮጵያና የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልሎች ተመሠረቱ፤ ጌዴኦም በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ ሆነ። ማሳያው ከተከፈተ ገና አራት ዓመት ሳይሞላው የአገሪቱ ካርታ አራት ዐዳዲስ ስሞች ያዘ። ሕያው የሆነን ነገር የሚያሳይ ቤት ሁሉ መታደስ ግድ ይሆንበታል። ክርክሩም «ይለወጥ ወይስ አይለወጥ?» በሚለው ላይ ሳይሆን፥ «ምኑ ይለወጥ? ምኑ ይቆይ? ማንስ ይጠየቅ?» በሚለው ላይ ሊሆን ይገባል።

አሁን ወደ ደጃችን እንመለስ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በሪያድ ከተማ በተደረገው ጉባኤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የተመዘገበውም አንድ ሕንፃ ወይም አንድ ሐውልት ብቻ አይደለም። በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር እንሰት፥ ከእንሰቱ በታች ቡናና ሌላውም ተክል በየደረጃው የሚበቅልበት ተራራማ አገር፥ ሽማግሌዎች የጠበቁት ጥንታዊ ደንና በየኮረብታው ላይ የቆሙት የድንጋይ ሐውልቶች ጭምር ናቸው። በሳካሮ ሶዶ ያሉት ሐውልቶች በመጀመሪያው መቶ ዓመት ከክርስቶስ ልደት በኋላ እንደ ቆሙ ይፋ የሆነ ጥናት ገልጿል፤ ይህም ቀድሞ ከተገመተው በሺህ ዓመት ያህል ይቀድማል። እንግዲህ ሌሎች በብዙ ገንዘብ ሊሠሩት የሚደክሙበት የሚያስተምር መናፈሻ ለእኛ የምንኖርበት ማሳ ነው።

ስሙ በመዝገብ ከገባ ዘንድ እንግዳ መምጣቱ አይቀርም። እንግዳ ሲመጣም መንገድ ይጠረጋል፥ አጥር ይታጠራል፥ ማረፊያ ይሠራል፥ የማሳያ አዳራሽ ይታሰባል። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ የቡሌ ልጆችም መንገድ፥ ትምህርት ቤት፥ ሐኪም ቤትና የእንጀራ መተዳደሪያ ያስፈልጋቸዋል። ቅርስ ነው ተብሎ ሰው በድህነት እንዲቆይ መመኘት ፍቅር አይደለም። ነገር ግን እንግዳው ይደሰት ዘንድ እንሰቱ ለፎቶግራፍ ብቻ የሚተከል፥ ሽማግሌው ለጭፈራ ብቻ የሚጠራ፥ ሐውልቱም ከታሪኩ ተለይቶ የሚታይ ከሆነ፥ አንበሳው ሄዶ የአንበሳው ምስል ቀረ ማለት ነው። በኤፕኮት አንድ አዳራሽ ቢፈርስ በገንዘብ ሌላ ይሠራል፤ የጌዴኦ የእርሻ ጥበብ ግን ከአባት ወደ ልጅ መተላለፉ አንድ ትውልድ ቢቋረጥ በምንም ገንዘብ አይመለስም።

ስለዚህ ማናቸውም የማደስ ሥራ ሲታሰብ እነዚህ ነገሮች ይጠየቁ። ቦታው እስከ ዛሬ ምን ሲያስተምር ነበር? ወጪውን የሚሰጠው ማን ነው? ስጦታው ባቆመ ጊዜስ ሥራው እንዴት ይቀጥላል? በቦታው የኖሩት ሰዎችስ ምን አሉ? የአገሩን ሠርዶ በአገሩ በሬ እንዲሉ፥ የሶንጎ ሽማግሌዎችና ማሳውን በእጃቸው የሚሠሩ እናቶች የሚጠየቁት ሥራው ካለቀ በኋላ ለምረቃ በዓል ሳይሆን፥ ገና ንድፉ በወረቀት ላይ ሳለ ነው።

የወላጆች ድርሻ ግን የማንንም ፈቃድ ወይም በጀት አይጠብቅም። ልጁ የአዲስ አበባን አንበሳ ሊያይ ቢመኝ መልካም ነው፤ ነገር ግን በጓሮው ያለው ዛፍ ስሙ ምን እንደ ሆነ፥ ለምንስ ከእንሰቱ በላይ እንደ ተተወ፥ እንሰቱ ተፍቆ ቆጮና ቡላ እስኪሆን ድረስ ምን ሥራ እንዳለበት፥ በኮረብታው ላይ ያለው ድንጋይ ከስንት ትውልድ በፊት እንደ ቆመ ይወቅ። ይህን ያወቀ ልጅ አድጎ በማደሻው ጉባኤ ላይ በተቀመጠ ጊዜ የሚለወጠውንና የሚቆየውን ለይቶ ይናገራል። ያላወቀው ግን የሚጠብቀው ምን እንደ ሆነ ስለማያውቅ፥ የቀረበለትን ንድፍ ሁሉ አጨብጭቦ ይቀበላል።