ሾፓን በጌም ውስጥ፣ ያሬድ በበዓል ቀን

ስለ ባህል መጥፋት መናገር እንወዳለን። ወጣቱ የራሱን ዜማ ረሳ፣ ስልኩ ላይ ተተከለ፣ ጌም በላው እንላለን። ወቀሳው በየስብሰባው፣ በየበዓል ፕሮግራሙ፣ በየቡናው ላይ አለ። እኔ ዛሬ ጥያቄውን ገልብጬ ላንሳው፦ እኛስ ዜማችንን ወጣቱ ወዳለበት ቦታ ለመውሰድ ምን አደረግን?

ወጣቱ ያለበት ቦታ ይታወቃል። እዚህ እኔ ባለሁባት አረርቲ ከትምህርት መልስ ልጅ የጠፋበት ወላጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ፕሌይስቴሽን ቤት ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት በተቋረጠ ጊዜ እንኳ ጨዋታው አልቆመም። ኢንተርኔት የሚፈልገው ጌም ቀረ፤ የማይፈልገው ግን በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲተላለፍ ከረመ። ልጆቹ በቀን ለሰዓታት የሚሰሙት ሙዚቃ የዚያ ጌም ሙዚቃ ነው። ጆሯቸው የሚለምደው እሱን ነው።

ስለዚህ ስለ አንድ የጃፓን ጌም፣ በተለይም የተጫወቱት ሰዎች ስለ እሱ ስለሰጡት አስተያየት ላውራችሁ። ጌሙ የቆየ ነው። ለእኛ የሚሆነው ትምህርት ግን አላረጀም፤ የሚገኘውም ተጫዋቾቹ ካመሰገኑት ይልቅ ካማረሩበት ነገር ውስጥ ነው።

የሚሞት ሰው ህልም

ጌሙ «ኢተርናል ሶናታ» ይባላል። የጃፓን ስሙ «ትረስቲ ቤል፦ የሾፓን ህልም» ነው። ትራይ ክሬሸንዶ የተባለ ድርጅት ሠራው፤ ናምኮ ባንዳይ እ.ኤ.አ. በ2007 ለኤክስቦክስ 360 አወጣው፤ በ2008 ደግሞ ለፕሌይስቴሽን 3 ደረሰ። ጃፓኖች በሚታወቁበት ዘውግ የተሠራ ነው፦ ተጫዋቹ ጥቂት ገፀ ባሕርያትን እየመራ ረጅም ታሪክ ውስጥ ይጓዛል፣ ይዋጋል፣ እየዋለ እያደረ ኃይሉን ያሳድጋል።

ታሪኩ የሚጀምረው እ.ኤ.አ. በ1849 ፓሪስ ውስጥ ነው። ፖላንዳዊው የፒያኖ ሊቅ ፍሬደሪክ ሾፓን በ39 ዓመቱ የሞት አልጋ ላይ ተኝቷል። ጌሙ የሚካሄደው ሾፓን በዚያ አልጋ ላይ ሆኖ በሚያየው ህልም ውስጥ ነው፤ እሱ ራሱም ከተዋጊዎቹ አንዱ ነው። በህልሙ ውስጥ ፖልካ የምትባል በማይድን በሽታ የተያዘች ልጅ አለች። በዚያ ዓለም አስማት የሚችለው ለሞት የተቃረበ ሰው ብቻ ነውና፣ በአስማቷ ሰው ስትፈውስ ያዩዋት ሁሉ ይሸሿታል።

ፎርቴ የሚባል አገርም አለ። ገዢው ዋልትዝ የተባለ መስፍን ነው። ይህ ሰው ሕዝቡ በለመደው የአበባ ዱቄት መድኃኒት ላይ ከባድ ግብር ጣለ፤ የማዕድን ዱቄት የሚባለውን ሌላ መድኃኒት ግን ከግብር ነጻ አደረገ። ድሃው ርካሹን ገዛ። ያ ርካሽ መድኃኒት ደግሞ እየቆየ ሰውን አእምሮ የለሽ፣ የታዘዘውን ብቻ የሚያደርግ ወታደር ያደርገዋል። ለፖለቲካ አንባቢ ይህን መተርጎም አያስፈልገውም።

ተጫዋቾቹ ምን አሉ?

በምስጋናው ብዙዎች ይስማማሉ። መጀመሪያ የሚነሳው ሙዚቃው ነው። የጌሙን ሙዚቃ የደረሰው ጃፓናዊው ሞቶይ ሳኩራባ ነው፤ የሾፓንን ሥራዎች የተጫወተው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1985 ዋርሶ ላይ የሾፓንን ዓለም አቀፍ ውድድር ያሸነፈው ሩሲያዊው ስታኒስላቭ ቡኒን ነው። ቀጥሎ የሥዕሉ ቀለም ይወደሳል። ከዚያ ውጊያው፦ ተዋጊው ብርሃን ላይ ሲቆም አንድ ዓይነት ኃይል አለው፣ ጥላ ውስጥ ሲገባ ሌላ፤ አውሬውም ከብርሃን ወደ ጥላ ሲሻገር መልኩን ይቀይራል። ማንም ሳያስተምረው ተጫዋቹ መሬቱን ማንበብ ይጀምራል።

ቅሬታውም እንዲሁ ተመሳሳይ ነው። መንገዱ ቀጥ ያለ ነው፤ ተጫዋቹ ወዲያና ወዲህ ብሎ ራሱ የሚያገኘው ነገር ጥቂት ነው ይላሉ። ገፀ ባሕርያቱ ንግግር ያበዛሉ፤ በተለይ መጨረሻው ላይ ስለ ሕይወት፣ ስለ ሞት፣ ስለ ሰላም የሚሰጡት ስብከት አያልቅም ይላሉ። የዱቄቱና የግብሩ ታሪክ ጥሩ ተጀምሮ በስብከት ተዋጠ የሚሉም አሉ። እኔም ከእነሱ ጋር ነኝ። ርካሹን መድኃኒት የገዛው ድሃ ወታደር መሆኑን ካየሁ በኋላ ጦርነት መጥፎ ነው ብሎ የሚነግረኝ ገፀ ባሕርይ አያስፈልገኝም።

ተጫዋቾቹን ለሁለት የሚከፍለው ግን ሌላ ነገር ነው። ጌሙ በየምዕራፉ ይቆምና የሾፓንን እውነተኛ ታሪክ በፎቶግራፍና በጽሑፍ ያሳያል፤ ከጀርባ ቡኒን ፒያኖ ይጫወታል። የሾፓን የልጅነት አገር፣ ስደቱ፣ ፍቅሩ፣ በሽታው ይተረካል። አንዱ ወገን «ውጊያ መሃል ላይ ሆኜ ታሪክ ክፍል ውስጥ አስገቡኝ» ብሎ ይበሳጫል። ሌላው ወገን «በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የክላሲካል ሙዚቃ ሥራ ዝም ብዬ እስከ መጨረሻው የሰማሁት ያን ጊዜ ነው» ይላል።

ማነው ልክ? ሁለቱም። ሁለቱም የሚነግሩን ግን አንድ ጉድለት ነው። በዚህ ጌም ውስጥ የሾፓን ሥራ በአብዛኛው የሚሰማው ተጫዋቹ እጁን ሲያሳርፍ ነው። ሲዋጋ፣ ሲጓዝ የሚሰማው የሳኩራባ ሙዚቃ ነው። የሚገርመው ደግሞ ከሾፓን ሥራዎች መካከል «አብዮት» የተባለው ኤትዩድ መኖሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1830 ዋርሶ ውስጥ አመፅ ሲነሳ ሾፓን አገሩን ለቆ ከወጣ ገና ሳምንታት ነበሩ፤ ይህ ሥራ በ1831 ከዋርሶ መውደቅ ጋር ተያይዞ ይታወቃል። ጌሙ ውስጥ ያለው ተጫዋችም በዋልትዝ ላይ ከሚያምፁ ሰዎች ጋር ነው። አመፁና የአመፅ ሙዚቃው እዚያው አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠዋል፤ ግን ተጫዋቹ ሙዚቃውን እንዲያዳምጥ እንጂ እንዲጠቀምበት አልተደረገም። ሾፓን ህልሙ ውስጥ ይዋጋል፤ ሙዚቃው ግን ሙዚየም ውስጥ ቀርቷል።

የእኛስ ሙዚየም?

እኛ ደግሞ ሙዚየም በመሥራት ማንም አይቀድመንም። ያሬድን የምናስታውሰው በበዓል ቀን ነው። የምንጃር ጭፈራ ቴሌቪዥን ላይ የሚታየው ለአዲስ ዓመት ነው፤ ሁለት ደቂቃ ይጨፈራል፣ ከዚያ አስተዋዋቂው ስለ «አኩሪ ባህላችን» ይናገራል። ልጁ በዚያች ቅጽበት ስልኩን ያነሳል። የጃፓኑን ጌም የተጫወተው ሰው ስብከቱ ሲመጣ እንደሰለቸው ሁሉ ማለት ነው። ልጁ የሰለቸው ጭፈራው አይደለም።

ለጌም የሚሆን ነገር አጥተን ነው እንዳይባል፣ ሀብታችን ከጃፓኖቹ ይበልጣል። እነሱ ለገፀ ባሕርያቱ ከሙዚቃ ቃላት ስም ተበደሩ፤ ልጅቷ ፖልካ፣ አገሩ ፎርቴ፣ መስፍኑ ዋልትዝ። እኛ ጋ መበደር አያስፈልግም። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው። ባቲ ገበያዋ የሚታወቅ የወሎ ከተማ ናት፤ አምባሰል ተራራ ነው። ሌሎች በምናብ የሚፈጥሩት የሙዚቃ ካርታ እኛ ጋ መሬት ላይ ተዘርግቷል። ተጫዋቹ ባቲ ገበያ ሲገባ ቅኝቱ ቢቀየር፣ ክራሩን ያልቃኘ መንገደኛ በሩ ባይከፈትለት፣ ያ ልጅ በአንድ ሳምንት ውስጥ ባቲን ከአምባሰል በጆሮው ይለያል። በትምህርት ቤት ስንት ዓመት ይፈጅበት ነበር?

ያሬድን ውሰዱ። በትውፊታችን ብላቴናው ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ፣ ተገርፎ ከመምህሩ ከአባ ጌዴዎን ሸሸ። ከዛፍ ሥር ተቀምጦ አንዲት ትል ዛፉ ላይ ስትወጣ አየ። ስድስት ጊዜ ወደቀች፤ በሰባተኛው ወጣች። እሱም ተነሥቶ ተመለሰ። ጌም የሚጫወት ልጅ ይህን ታሪክ ከማናችንም በላይ ይረዳዋል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው መውጣት የእሱ የዘወትር ሥራ ነው። ለእሱ «ትዕግሥት መልካም ነው» ብሎ መናገር አያስፈልግም፤ ትሏን ብቻ እጁ ላይ ስጡት።

የዜማውን ምልክቶችስ? ድፋት፣ ሂደት፣ ይዘት፣ ቁርጥ፣ ርክርክ። ስማቸው ራሱ የእንቅስቃሴ ስም ነው፤ ወደ ታች መድፋት፣ መሄድ፣ መያዝ፣ መቁረጥ። ጃፓኖቹ ብርሃንና ጥላን የውጊያ ሕግ እንዳደረጉ፣ እነዚህም የጨዋታ ሕግ ሊወጣቸው ይችላል።

ፒያኖና ክላሲካል የፈረንጅ ነገር ነው ለሚል ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ያረፉትን እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ያስታውስ። የሶፍያውን ትምህርቱን ጨርሶ ሾፓንን ከራሱ ድርሰቶች ጋር የሚጫወተውን ግርማ ይፍራሸዋን ይስማ። ሙዚቃው ድንበር ካለፈ ቆየ። የቀረው ጌሙ ነው።

ተቃውሞዎቹን አውቃቸዋለሁ

አንደኛው ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ይመጣል፦ ማሕሌት መጫወቻ አይደለም። ልክ ናቸው። የሾፓንን ሥራ ጌም ውስጥ ማስገባት የማንንም ጸሎት አይነካም፤ የያሬድን ዜማ ማስገባት ግን ሊነካ ይችላል። ስለዚህ ቅዳሴውንና ማሕሌቱን ለቦታው ትቶ ከሕይወት ታሪኩ መጀመር ይቻላል። ምልክቶቹን መንካት የሚፈልግ ሰውም መጀመሪያ ወደ ድጓ መምህራን ይሂድ፣ ይጠይቅ፣ ይፈቀድለት። አራቱ ቅኝቶችና የአዝማሪው ማሲንቆ ግን የዓለም ናቸው፤ እዚያ የሚያግድ የለም።

ሁለተኛው ይበልጥ ይከብዳል፦ ክልሉ በግጭት ውስጥ ሆኖ፣ ሰው እየሞተ ስለ ጌም ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ? ይህን ጥያቄ ንቄ አላልፈውም። ነገር ግን ልጆቹ አሁንም ይጫወታሉ። በጦርነት አገር ያለ ልጅ በሞባይሉ የሚጫወተው አብዛኛው ነገር መሣሪያ ይዞ መተኮስ ነው። ወደ ሌላ ነገር ልንጋብዘው ከፈለግን ስንጋብዝ የምናቀርበው ነገር መኖር አለበት። «አትጫወት» ማለት ግብዣ አይደለም።

ሦስተኛው የገንዘብ ነው። እንደ ጃፓኖቹ ያለ ጌም ብዙ ሰውና ብዙ ዓመት ይፈልጋል፤ እኛ በአንድ ጊዜ እዚያ አንደርስም። ግን ከዜሮ አንነሳም። አዲስ አበባ የሚገኘው ቅኔ ጌምስ የምትሸሽ ዶሮን ይዞ «ኩኩሉ»ን ሠርቷል፤ «ገበጣ»ንም ወደ ስልክ አምጥቷል። የሚጽፍ፣ የሚሥል፣ ኮድ የሚሠራ ልጅ አለ። የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች አሉ። የጎደለው ሁለቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጥ ሰው ነው።

ለዚያ ጠረጴዛ ሦስት ነገር ልጠይቅ። በርካሽ ስልክ ላይ የሚሠራ፣ ኢንተርኔት የማይፈልግ፣ በዜንደር የሚተላለፍ ይሁን፤ መንገዱ ሲዘጋና ኔትወርክ ሲጠፋ የሚሞት ጌም ለእኛ አይሆንም። ትልቅ ታሪክ ከመጀመር አንድ ቅኝት፣ አንድ ቦታ፣ አንድ መሣሪያ ይበቃል፤ የምንጃር ማሲንቆ መቺ ለአንድ ምዕራፍ ይበቃል፤ ለተጫወተበትም በስሙ ይከፈለው። ሦስተኛውና ዋናው፣ ባህል ሚኒስቴርም ይሁን ሌላ ገንዘብ የሚሰጥ አካል የመክፈቻ ንግግር እንዲገባበት አይጠይቅ።

የ«ኢተርናል ሶናታ» ተጫዋቾች ይህን ሁሉ በአስተያየታቸው ነግረውናል። ለሙዚቃው ብዙ ጥፋቱን ይቅር ብለውታል፤ ስብከቱን ግን ይቅር አላሉም። ልጆቻችንም ይቅር አይሉንም።