ስም ማውጣት ፍሬን አይሆንም

አይሱዙን «አል ቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ያለው መንገደኛው ሕዝብ ነው። ደብረ ኤልያስ ደግሞ የቅኔ አገር ናት፤ ሐዲስ ዓለማየሁ ከተማሩባቸው አድባራት አንዷ ናት። እዚያ ያደገ ሰው የዚህን ስም ሰምና ወርቅ ለመለየት መምህር አይፈልግም። ሰሙ ቀልድ ነው፤ ወርቁ ሬሳ ነው። ክፋቱ፣ ሰሚው ወርቁን ካገኘ በኋላ «ይበል!» ብሎ መቀመጡ ነው።

ፍጥነትን ማምለክ በኢትዮጵያ አልተጀመረም። እ.ኤ.አ. በ1964 የፖንቲያክ መሐንዲሶች ጂቲኦ የተባለውን መኪና አወጡ። ጄኔራል ሞተርስ ለመካከለኛ መኪና የሚፈቀደውን የሞተር መጠን በደንብ ወስኖ ነበር። እነሱ ግን ትልቁን ሞተር «ገዢው ሲፈልግ የሚጨመር» ብለው ደንቡን ዘለሉት። 325 የፈረስ ጉልበት! ፍሬኑስ? በአራቱም ጎማ ያው የድሮው ታምቡር። ጉልበቱ አደገ፣ ማቆሚያው ባለበት ቀረ። ፎርድም በዚያው ዓመት ማስታንግን ይዞ መጣ፤ እሽቅድምድሙ ጦፈ።

ዛሬ በቲክቶክ የእነዚህን መኪኖች ጩኸት ሰምቶ የሚማረክ ወጣት ብዙ ነው። እንዴት እንደበረዱ የሚነግረው ግን የለም። ስብከት አላበረዳቸውም። ራልፍ ኔደር በ1965 ፋብሪካዎቹን የሚከስ መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1966 የተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ ወጣ። ኢንሹራንሶች የሞተሩን ጉልበት ከመኪናው ክብደት ጋር እያሰሉ በወጣት ነጂዎች ላይ ዋጋ ቆለሉ። የጭስ ቁጥጥሩና የ1973ቱ የነዳጅ እገዳ የቀረውን ጨረሱ። ባጭሩ፣ ፍጥነት ኪስ የሚጎዳ ነገር ሆነ።

እዚህስ? እዚህ ፍጥነት ኪስ ይሞላል። ስንቱ ሾፌር የሚበላው በቢያጆ ነው፤ አንድ ቢያጆ ከጨመረ ለልጆቹ እንጀራ ጨመረ። ባለንብረቱ የቀኑን ገቢ ይጠብቃል፤ መኪናው በምን ፍጥነት እንደመጣ አይጠይቅም። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወረድ ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ ነቅሎ የሚለቅ አለ። ያን ጊዜ የጭነቱ ክብደት በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ፍሬን ይግላል፤ የጋለ ፍሬን አይዝም። በማግስቱ ዜናው «ፍሬን በጥሶ» ይላል። ፍሬኑን ማን እንዳስበጠሰው ግን አይናገርም።

ሕጉም ሚዛኑን አሳይቷል። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ሲወጣ ለአንድ ሰው ሞት የተቆረጠው ካሳ ከ5 ሺህ ብር የማያንስ፣ ከ40 ሺህ ብር የማይበልጥ ነበር። ለንብረት ጉዳትስ? እስከ 100 ሺህ ብር። የተጋጨ መኪና ከሞተ ሰው በላይ ተገመተ ማለት ነው። እንዲህ ያለ ዋጋ ወጥቶለት ማን ፍሬን ይይዛል?

«ጥፋቱ የሾፌሩ ነው፤ ሥነ ምግባር የለውም» የሚል አይጠፋም። ጥፋተኛ ሾፌር አለ፤ ይጠየቅ። ግን አንዱ ታስሮ ሌላው በዚያው ቢያጆ፣ በዚያው ፍሬን፣ በዚያው ቁልቁለት ከተተካ ምን ተለወጠ? አሜሪካኖቹ ወጣቱን በመገሠጽ ብቻ አልቆሙም፤ ወደ ፋብሪካውና ወደ ኪሱ ሄዱ። እዚህም መንገዱ ይኸው ነው። ሾፌር በቢያጆ ሳይሆን በወር ደመወዝ ይደር። የፍሬን ምርመራ በወረቀት ሳይሆን በቁልቁለት ይታይ። አደጋ የደጋገመ ባለንብረት ኢንሹራንሱ እስኪቆረቁረው ይጨመርበት። የሞተ ሰው ካሳ፣ የቀረውን ቤተሰብ የሚያሳድር ይሁን።

ይህ እስኪሆን ድረስ የደብረ ኤልያስ ገበሬ ጤፉን ጭኖ፣ እሱም ማዳበሪያው ላይ ተቀምጦ ወደ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል። የተሳፈረበትን መኪና ስም ያውቀዋል። ስሙን እያወቀ የሚሳፈረው ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ ሌላ ስለሌለው ነው።