በላስታ ምድር ስለሚሠራ የግቢ አጸድና የመዋኛ ገንዳ

ሰው ቤቱን ሠርቶ ከጨረሰ በኋላ ለዕረፍቱና ለእንግዳው መቀበያ የሚሆን የተዋበ አጸድ በግቢው ውስጥ ማሰናዳቱ ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። በጎንደር ዐፄ ፋሲለደስ እንዳሠሩት የሚነገረው መዋኛ በዙሪያው ቅጽር፥ በመካከሉ ግንብ፥ በቅጽሩም ላይ ሥራቸውን የዘረጉ ታላላቅ ዛፎች ይዞ እስከ ዛሬ ድረስ ቆሞ ይታያል። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው እቴጌ ጣይቱ የፍል ውሃን አካባቢ በመውደዳቸው መሆኑ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንድ ባለጸጋ ወይም አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት በላሊበላ ከተማ ዳገት ላይ ገንዳና ሰገነት፥ የግብር አዳራሽም ያለበት ግቢ ለመሥራት ቢያስብ በአሳቡ የሚነቀፍበት ምክንያት የለም። የሚያከራክረው አሠራሩ ነው።

የጎንደሩ መዋኛ ውሃውን የሚያገኘው ከቀሃ ወንዝ በቦይ ተስቦ ነው፤ ለጥምቀት በዓል ይሞላል፥ በዓሉም ካለፈ በኋላ ይለቀቃል። በጎርጎራ የተሠራው የመዝናኛ ስፍራም ከጣና ባሕር ዳር የተቀመጠ ስለሆነ ውሃ አይቸግረውም። የላሊበላ ነገር ግን ከሁለቱም ልዩ ነው። ከተማው ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነው በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ሥር በዳገት ላይ የተቀመጠ ነው። አብዛኛው ዝናም በክረምት ወራት ወርዶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ደረቅ ነው። ስለዚህ በላስታ ግቢ የሚነድፍ ሰው ሥራውን ከገንዳው ቅርጽና ከወለሉ ቀለም ሊጀምር አይገባውም። ውሃው ከየት ይመጣል? ካገለገለስ በኋላ ወዴት ይሄዳል? የሚለውን አስቀድሞ ሊመልስ ይገባዋል።

ነገሩ በቍጥር ሲታይ ይበልጥ ይገለጻል። ርዝመቱ 10 ሜትር፥ ወርዱ 5 ሜትር፥ ጥልቀቱ በመካከለኛው አንድ ሜትር ተኩል የሆነ ገንዳ 75,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ይህም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቈጠር 3,750 ጀሪካን ማለት ነው። በዚህም አያበቃም። በበጋ ፀሐይና ነፋስ ከገንዳው ፊት በየቀኑ አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ቢተን፥ በቀን 250 ሊትር፥ ማለት ከ12 ጀሪካን በላይ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ዳገት የምትወጣ ሴት ባለችበት ከተማ ይህ ሒሳብ የባለቤቱ ብቻ ሒሳብ ነው ሊባል አይችልም። ጦርነቱ ወደ ከተማው በደረሰበት በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መብራት ተቋርጦ በቆየ ጊዜ፥ ሕዝቡ ውሃ ፍለጋ ወደ ምንጭና ወደ ወንዝ መውረዱን የከተማው ሰው ሁሉ ያስታውሰዋል። የቧንቧ ውሃ በላስታ የሚመካበት ሀብት አይደለም።

እንግዲህ ገንዳውን ከሕዝብ ቧንቧ መሙላት የማይገባ ከሆነ፥ ምንጩ ከሰማይ የሚወርደው ዝናም ነው። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናም በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። የቤቱና የአዳራሹ ጣራ በአንድነት 200 ካሬ ሜትር ቢሆን፥ የክረምቱም ዝናም 500 ሚሊ ሜትር ቢደርስ፥ 100,000 ሊትር ይወርዳል። ከዚህ አንድ አምስተኛው ጣራ ሲያጥብና ሲፈስ ቢባክን እንኳ 80,000 ሊትር ይቀራል። እንደዚህ ያለው ግቢ ገንዳውን በራሱ ጣራ ውሃ አንድ ጊዜ ለመሙላት ይችላል ማለት ነው፤ በየቀኑ የሚተነውን ለመተካት ግን የሚተርፈው ጥቂት ነው። ስለዚህ ብልህ ሰው ገንዳውን በምኞቱ ልክ ሳይሆን በጣራው ልክ ይቈፍራል፤ ከመሬት በታችም ክዳን ያለው የውሃ ማጠራቀሚያ አስቀድሞ ያሠራል፤ ማታ ማታም ገንዳውን በሸራ ይሸፍናል። ገንዳውን ማሳነሱ ሌላም ጥቅም አለው። በዚህ ከፍታ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ስለሆነ ትልቅ ገንዳ በፀሐይ አይሞቅም፤ ዋናተኛ የማይገባበት ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ጥልቀት የሌለውና ከነፋስ የተከለለ ትንሽ ገንዳ ግን፥ ውሃው በጣራ ላይ በተዘረጋ የፀሐይ ማሞቂያ ቢሞቅ፥ ለዋና ባይበቃ ለመታጠብና ለመቀመጥ ይበቃል።

ሁለተኛው ጥያቄ፥ ውሃው ወዴት ይሄዳል የሚለው፥ ከፊተኛው ይልቅ የከበደ ነው። በዚህ ነገር መምህር የሚፈልግ ሰው ወደ ሩቅ አገር ሊሄድ አያሻውም፤ መምህሮቹ እዚያው በእግሩ ሥር ተፈልፍለው ቆመዋል። ቅዱስ ላሊበላ ያነጻቸው አብያተ ክርስቲያናት ከምድር በታች የወረዱ ስለሆኑ፥ የክረምት ዝናም ሲመጣ እንደ ጕድጓድ ውሃ ሞልቶባቸው መቅረት ይገባቸው ነበር። ነገር ግን ሠሪዎቹ ይህን አስቀድመው አይተውታል። የቤተ ጊዮርጊስ ጣራ ዝናሙን ከግድግዳው አርቀው የሚጥሉ አሸንዳዎች ከራሱ ከአለቱ ተወቅረውለታል። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተቈፈሩት ጥልቅ ጉድባዎችም መተላለፊያ ብቻ አይደሉም፥ ውሃን ይዘው የሚወጡ መንገዶችም ናቸው። ሁለቱን የአብያተ ክርስቲያናት ወገን የሚለየው ዮርዳኖስ የተባለው ቦይ በክረምት ምን ያህል ውሃ እንደሚሸከም ያየ ሰው፥ አሠራሩ በጭፍን እንዳልሆነ ይረዳል።

ደግሞም በቤተ ማርያም ዐጸድ ከአለቱ የተፈለፈለ ጥልቅ ገንዳ አለ። ልጅ ያጡ ሴቶች በገና ሰሞን በገመድ ታግዘው ወደ እርሱ ይወርዳሉ። በቤተ ጊዮርጊስም ዐጸድ እንዲሁ ገንዳ ይገኛል። እነዚህ ለጸበልና ለበረከት የተሠሩ እንጂ ለመዝናኛ እንዳልሆኑ ለካህናት መንገር ትርፍ ነገር ነው፤ ይህንንም ከዚያ ጋር ማስተካከል አይገባም። የእጅ ሥራቸውን መመልከት ግን ነውር የለበትም። ገንዳው የግቢው ዋና ነገር ሆኖ መካከሉን አልያዘም፤ ወደ ጥግ ተጠግቶ፥ ለሚቆመውና ለሚያልፈው ሕዝብ ሰፊውን ስፍራ ለቆ ተቀምጧል። በዘመናችን ግን ብዙ ጊዜ የሚታየው ነዳፊው መካከሉን ለገንዳው ሰጥቶ እንግዳውን ከግድግዳ ሥር ሲያስጠጋው ነው።

የላሊበላ አለት ከእሳተ ገሞራ የወጣ፥ ቀለሙ ቀላ ያለ፥ ለመሮ የሚመች ድንጋይ ነው። ለመሮ እንደሚመች ሁሉ ውሃም ይጠጣል። በ1970 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትን እነዚህን ሕንጻዎች ከሚያሠጋቸው ነገር ዋናው ርጥበት መሆኑ ስለ ታወቀ፥ በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በአንዳንዶቹ ላይ ታላላቅ መጠለያዎች ተተክለዋል። የእነዚያ መጠለያዎች ክብደትና መልክ እስከ ዛሬ ክርክር ያስነሣል። ቢሆንም የተተከሉት ዝናሙን ለመከልከል ነው። ከአብያተ ክርስቲያናቱ አጠገብ ይኖሩ የነበሩ ብዙ ቤተሰቦችም ለቅርሱ ሲባል ከአባቶቻቸው ስፍራ ተነሥተው ወደ ሌላ መንደር ሄደዋል፤ ክብ የድንጋይ ጎጆዎቻቸው ባዶ ቆመው ይታያሉ። ድኻው ለአለቱ ደኅንነት ቤቱን ለቆ በሄደበት ኮረብታ ላይ ባለጸጋው 75 ቶን ውሃ አስቀምጦ፥ ሲያፈስስ ወይም ሲሰነጠቅ ወዴት እንደሚሰርግ ሳይጠየቅ መቅረቱ ምን ዓይነት ፍርድ ይባላል? ከሰማይ የሚመጣውን ውሃ በብዙ ገንዘብ እየከለከሉ ከጎረቤት ግቢ የሚመጣውን ዝም ብሎ ማየት፥ በፊት ለፊት ቆልፎ በጓሮ በኩል እንደ መክፈት ነው።

ስለዚህ ገንዳ የሚሠራበት ስፍራ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዳገት በላይ እንዳይሆን፥ ፍሳሹም ወደ እነርሱ በሚወርድ ቦይ እንዳይገባ ማድረግ የመጀመሪያው ሕግ ሊሆን ይገባል። ፍሳሹ በባለቤቱ ግቢ ውስጥ ባለ ሌላ ጕድጓድ ተጠራቅሞ፥ ክሎሪኑ በፀሐይ እስኪጠፋ ጥቂት ቀን ቆይቶ፥ የገዛ አትክልቱን ቢያጠጣበት መልካም ነው። ወደ ታች ወዳለው የገበሬ ማሳ መልቀቅ ግን ጎረቤትን መበደል ነው፤ እርከኑንም ይንዳል።

ወደ እንግዳ መቀበያው ስንመለስ፥ በዚህ ነገር ላስታ የባዕድ ትምህርት አያስፈልጋትም። ለገና በዓል ከሩቅ አገር በእግሩ የመጣውን ምእመን የላሊበላ ሰው ምን አድርጎ እንደሚቀበለው የታወቀ ነው፤ ውሃ አሙቆ እግሩን ያጥበዋል። በዚህ አገር በእንግዳ መቀበያ ግቢ ውስጥ የውሃ የመጀመሪያ ሥራው ይህ ነው። ስለዚህ ግቢ የሚነድፍ ሰው ከበሩ ገባ ሲሉ የድንጋይ መቀመጫና የእግር መታጠቢያ፥ ከአጠገቡም ጥላ ያለው ወይራ ቢያኖር፥ ግቢው የላሊበላ ግቢ መሆኑ ሳይነገር ይታወቃል። ገንዳው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

ዳገቱንም እንደ ጠላት ሊቆጥረው አይገባም። ብዙ ሠሪዎች ኮረብታውን ቈርጠው አንድ ሰፊ ሜዳ ለማድረግ ይደክማሉ፤ ከፍ ያለ የሲሚንቶ ግድግዳም ያቆማሉ፤ ክረምቱ ግን አፈሩን አርሶ ግድግዳውን ይገፋዋል። ገበሬው በእርከን እንደሚያርስ፥ ግቢውም በእርከን ቢሠራ፥ በደረቅ የድንጋይ ካብ ቢያዝ፥ ውሃው በካቡ መካከል መውጫ ስለሚያገኝ አይገፋውም። ከላይኛው እርከን ተቀምጦ ከታችኛው የሚሆነውን መመልከት ደግሞ ልዩ ደስታ አለው። ለገና ዕለት «ቤዛ ኵሉ» ሲባል፥ ካህናቱ እኩሌቶቹ በላይ በማሜ ጋራ አፋፍ፥ እኩሌቶቹ በታች በቤተ ማርያም ዐጸድ ቆመው ሲቀባበሉ ያየ ሰው፥ የቦታ ከፍታና ዝቅታ ለጉባኤ ምን ያህል ግርማ እንደሚሰጥ ያውቃል። በከተማው ዳር በገደል አፋፍ ላይ የተሠራው ቤን አበባ የተባለው ምግብ ቤትም ሰገነቶቹን ደርቦ ወደ ሸለቆው በማዞሩ ብዙ መንገደኛ ወዶታል፤ እንግዳውን የሚስበው ትልቁ ነገር እዚያው የነበረው ሸለቆ ነውና።

የሌሊቱ ብርድ ስለሚጠና፥ ለማታ የሚሆነው መቀመጫ ከነፋስ በተከለለ ጥግ፥ በመካከሉ እሳት የሚነድበት፥ መደቡም ከአገሩ ድንጋይ የተሠራ ቢሆን ይበጃል። ለብዙ ሰው ግብር የሚሆነውን በቋሚ አዳራሽ ከመሥራት ይልቅ በየጊዜው የሚተከልና የሚነሣ ዳስ መጣል ገንዘብንም ቦታንም ያድናል። ማድ ቤቱ ጭሱ በእንግዳ ላይ እንዳይመጣ ከነፋሱ በታች ይሁን። ስለ ዛፍ የሆነ እንደሆነ ወይራና ጽድ ይበቃሉ፤ ባሕር ዛፍ ግን ከገንዳና ከማጠራቀሚያ አጠገብ አይተከል፥ ውሃውን ይጠጣዋልና፥ ቅጠሉም ገንዳውን ያበላሻል።

አንድ ነገር ቀርቷል፤ ይህም የካህናት ጉዳይ ነው። ማሕሌት በሚቆምበት ሌሊት ከጎረቤት ግቢ የሚመጣ የዘፈን ጩኸት፥ ወይም ለጸሎት የሚያልፍ ምእመን ራቁቱን የቀረውን ዋናተኛ ፊት ለፊት እንዲያይ የሚያደርግ ገላጣ ግቢ፥ ለማንም ደስ አያሰኝም። ይህ በቁጣና በክስ ከሚፈታ በንድፉ ጊዜ ቢፈታ ይሻላል። መቀመጫው ወደ ሸለቆው ዞሮ፥ ጀርባው ወደ አብያተ ክርስቲያናቱ ሆኖ፥ በመካከሉ የድንጋይ አጥርና የዛፍ ተርታ ቢኖር፥ ሁለቱም ወገን በሰላም ይኖራል። የከተማው ሹማምንት የግንባታ ፈቃድ ሲሰጡ የቤቱን ፊት ብቻ የሚያሳይ ሥዕል ተቀብለው ማኅተም ማድረግ አይበቃቸውም። የጣራውን ስፋት፥ የማጠራቀሚያውን ልክ፥ የፍሳሹንም መንገድ እስከ መጨረሻው የሚያሳይ ንድፍ ይጠይቁ፤ የቤተ ክርስቲያኑም አስተዳደር ንድፉን አይቶ ቃሉን ይስጥበት።

የሥራውም ጊዜ የታወቀ ነው። መስቀል ካለፈ በኋላ መሬቱ ሲጠነክር ቍፋሮው ይጀመር፤ ካቡና ማጠራቀሚያው እስከ ሚያዝያ ይለቅ፤ ግንቦት ሳያልፍ አሸንዳው በጣራው ላይ ይግባ። የመጀመሪያው ክረምት ውሃ ወደ ማጠራቀሚያው ብቻ ይግባ፤ ገንዳው ባዶውን ቆይቶ ግድግዳውና ቦዩ ዝናሙን እንዴት እንደቻሉት በየሳምንቱ ይታይ። የተሰነጠቀ ወይም የሰረገ ካለ በመስከረም ይጠገን፤ ውሃው ወደ ገንዳው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው።